በጎንደር ቤት የረከሰባቸው ዘመናት

ጎንደር ውስጥ ቤት ርካሽ የነበረባቸው ዘመናት አሉ። ወደ አንዳቸውም መመለስ አልመኝም። አንዱን የማውቀው ከመጻሕፍትና ከአባቶች አፍ ነው፤ ሌላውን ግን ልጅ ሆኜ ኖሬዋለሁ። የእህቴ ልጅ ደባርቅ ተቀጥሮ ሲሠራ ቆይቶ፣ አሁን ወደ ጎንደር ልዛወር ወይስ እዚያው ልቅር እያለ ያወጣል ያወርዳል። ኪራዩን ከኪራዩ፣ የጤፉን ዋጋ ከጤፉ፣ የታክሲውን ከባጃጁ አስተያይቶ በደብተር አስፍሮ አሳየኝ። ሒሳቡ ልክ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ያን ደብተር ሳገላብጥ የታየኝ፣ ይህች ከተማ ከተቆረቆረች ጀምሮ ወደዚህ የመጣውና ከዚህ የሄደው ሰው ሁሉ ነው። እነሱም አስልተው ነበር። ቤት ሲረክስላቸው ምን እንዳጡ፣ ሲወደድባቸው ምን እንዳገኙ ላጫውተው ብዬ ጀመርኩ፤ ነገሩ ረዝሞ ይህ ጽሑፍ ሆነ።

አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ሲቆረቁሩ እሳቸውም ምርጫ ነበራቸው። ከእሳቸው በፊት የነበሩት የቅርብ ዘመን ነገሥታት ብዙዎቹ በአንድ ከተማ ረግተው አልኖሩም። አፄ ሠርፀ ድንግል ከጣና ወዲህ ጉዛራ ላይ ግንብ አሠርተዋል፤ የፋሲል አባት አፄ ሱስንዮስ ጎርጎራንና ደንቀዝን አቅንተዋል። ጎርጎራ ሐይቁ ዳር ነው፤ ውኃው አያልቅም፣ ወባው ግን አያስቀምጥም። ደንቀዝ ተራራ ላይ ነው፤ ወባ አይደርስበትም፣ ብርዱ ግን አጥንት ይገባል። ጎንደር ከሁለቱ መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በአንድ ወገን አንገረብ፣ በሌላው ወገን ቀሃ ይወርዳሉ። ወደ ምዕራብ የመተማና የስናር መንገድ፣ ወደ ሰሜን ወገራን አቋርጦ ሊማሊሞን ወርዶ እስከ ምፅዋ የሚዘልቀው የነጋዴ መንገድ፣ ወደ ደቡብ የጎጃም መንገድ ይገናኙበታል። ውኃ፣ ጤናና መንገድ ነው የተመረጠው። የዛሬ ቤት ፈላጊም ቢሆን ከዚህ የራቀ ነገር አይጠይቅም።

ንጉሥ ሲረጋ ሕዝብ ይከተላል። ወታደሩ፣ ካህኑ፣ ነጋዴው፣ ግንበኛው፣ ሸማኔው ከየአቅጣጫው መጣ። ቤተ መንግሥቱ 900 ሜትር ያህል በሚረዝም ግንብ ታጥሮ 12 በር ወጣለት፤ የቀረው ሰው ከአጥሩ ውጭ በየደብሩ ዙሪያ ሰፈረ። ታዲያ የት እንደሚኖር የሚወስነው የሰውየው ኪስ ብቻ አልነበረም፤ ማዕረጉና ሃይማኖቱም ነበሩ። አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1660ዎቹ ጉባኤ ሰብስበው ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ አዘዙ። ከታች በቀሃ በኩል ያለው የአዲስ ዓለም ሰፈር ታሪክ ከዚያ ውሳኔ ጋር የተያያዘ ነው። ቤተ እስራኤሎች፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ግንበኞች፣ አናጢዎች፣ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች፣ ካይላ ሜዳ ተቀመጡ። ግንቡን በማቆም የደከሙ እጆች፣ ቅመሙንና ሸማውን ከሩቅ አገር ያመጡ ነጋዴዎች፣ የሚኖሩበትን ሰፈር ራሳቸው አለመምረጣቸው ዛሬም ያሳዝነኛል። ስለ ጎንደር ዘመን ስንኮራ ይህንንም አብረን መናገር አለብን።

ከሰፈሮቹ ሁሉ ተፈላጊው እጨጌ ቤት ነበር። የመነኮሳቱ አለቃ እጨጌው የሚኖሩበት ሰፈር ስለሆነ የተከበረ ነው፤ የሸሸ ሰው ገብቶ የሚጠጋበት፣ ወታደር አባርሮ የማይገባበት። በዘመነ መሳፍንት አንዱ ጦር ሲወጣ ሌላው ሲገባ፣ ሀብት ያለው ሰው ንብረቱን የሚያስቀምጠው እዚያ ነበር። ቤቱ ከሌላው ሰፈር ቤት የተለየ ሆኖ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ ከተማይቱ በሰላም ጊዜ ወደ 10,000 ቤተሰብ እንደምትይዝ ገምቶ፣ ቤቶቹ ከጭቃ የተሠሩና ሹል የሣር ክዳን ያላቸው እንደሆኑ ጽፏል። ጭቃውም ሣሩም በየሰፈሩ አንድ ነው። እጨጌ ቤት ያለው ሰው ግን ማታ ተኝቶ ያድራል።

በዚያ ዘመን የቤትና የቦታ ሽያጭ እንዴት እንደሚፈጸም የምናውቀው በየደብሩ ካሉት የብራና መጻሕፍት ነው። ውሉ በመጽሐፉ ኅዳግ ወይም ባዶ በቀረው ቅጠል ላይ ይጻፋል። ዋጋው በወቄት ወርቅ ወይም በአሞሌ ጨው ይቆጠራል። ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋሱ፣ እማኞቹ በስም ይጠራሉ፤ ውሉን ያፈረሰ ይገዘታል። እነዚህን ጽሑፎች አገላብጠው ያጠኑት ዶናልድ ክራሚና ባልደረቦቻቸው ካሳዩን ነገር እኔን እጅግ ያስደሰተኝ፣ ከሻጮችና ከገዢዎች መካከል ሴቶች በርካታ መሆናቸው ነው። የጎንደር ሴት በገዛ ስሟ ቦታ ትገዛለች፣ ትሸጣለች፣ ትሟገታለች። እቴጌ ምንትዋብም ከከተማው በስተ ምዕራብ ቁስቋም ላይ ደብራቸውንና ቤተ መንግሥታቸውን ሲያሠሩ፣ ለካህናቱ መሬት ሰጥተው በዙሪያው ሰፈር አቁመዋል። ውሉ ላይ የሚነበቡትን እማኞች ብዛት ሳስብ፣ ሰው ቤት ሲገዛ ምስክሮቹንም አብሮ የሚገዛ ይመስለኛል። የሚያውቀው ሰው በሌለበት ሰፈር ወርቁን የሚያወጣ ማን ነበር?

ቤት የረከሰበት የመጀመሪያው ዘመን የመጣው ንጉሥ ሲሄድ ነው።

አፄ ቴዎድሮስ ዘውድ የጫኑት በየካቲት 1847 ዓ.ም. በስሜን ደጋ፣ ደረስጌ ማርያም ነበር። ጎንደርን መናገሻቸው አላደረጓትም። ደብረ ታቦርን መረጡ፣ ኋላም መቅደላን። ከዚያ የከፋው ቀጥሎ መጣ፤ ከተማይቱ ሁለት ጊዜ ተዘረፈች፣ በ1859 ዓ.ም. ተቃጠለች። የደብሮቹ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጋዙ። ሃያ አንድ ዓመት ቆይቶ በጥር 1880 ዓ.ም. የሱዳን መሐዲስቶች ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውኃ ላይ ድል ነስቶ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፣ ሕዝቡን ማረከ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከጥቂቶቹ ጋር ተረፈች። ወዲያው ክፉ ቀን ተከተለ፤ በሬ አለቀ፣ እህል ጠፋ።

ያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ ቤት ለፈለገ ቦታ ሞልቶ ነበር። ባለቤቱ የት እንደደረሰ ያልታወቀ አጥር፣ ጣራው የወደቀ ግንብ፣ ሣር የዋጠው ደጅ። ማንም ገብቶ ቢቀመጥ የሚጠይቀው አልነበረም። ነገር ግን ገበያው ሳስቷል፣ ነጋዴው መንገዱን ቀይሯል፣ ጠባቂ የለም። ሰው በነፃ ከሚያገኘው የጎንደር ቦታ ይልቅ በወገራና በስሜን አምባ ላይ ያለችውን ጎጆውን መረጠ። ልክ ነበር። አምባው ቢያንስ ወንበዴ ሲመጣ ያሳያል።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ቆየ። ስለሱ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ የሠራውን ግን ማለፍ አይቻልም። ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለ አርክቴክት ባወጣው ፕላን ፒያሳ ተሠራ፤ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ በረንዳ ያላቸው ቢጫ ሕንፃዎች ቆሙ። የነጭ መኖሪያ ለብቻው፣ የሀበሻ ገበያና መኖሪያ ለብቻው ተለየ። ሰውን በሰፈር መለየት ለጎንደር አዲስ አልነበረም፤ አዲስ የነበረው ባለአገሩን ራሱን ወደ ጥግ መግፋቱ ነው። የሊማሊሞ መንገድ ግን ቀረልን። በዚያ መንገድ ነው የደጋው ሰው በመኪና ወደ ጎንደር መውረድ የጀመረው።

እናቴም በ1950ዎቹ የመጣችው እንዲሁ ነው፣ ከዳባት። ዳባት የአባቷ ርስት አለ፣ ገብሱና ስንዴው አለ፣ ቤት ኪራይ የሚባል ነገር የለም። ጎንደር ግን የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ከተከፈተ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር፤ ሥራ አለ፣ ሆስፒታል አለ፣ ለልጅ ትምህርት ቤት አለ። አባቴ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ፣ እናቴ ጠላ ጠምቃ ትሸጥ ጀመር። ከቅዳሜ ገበያ ወረድ ብሎ በአንዲት ሴትዮ ግቢ አንድ ክፍል በወር ስድስት ብር ተከራዩ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ስድስት ብር ታነሳ ነበር። የገዛ መሬቷን ትታ ለሰው ግድግዳ ብር መክፈሏ ይከነክናታል። “ግን አንቺ ፊደል ቆጠርሽ” ትልና ነገሩን ትዘጋዋለች።

ባለቤቲቱ እትዬ፣ ስማቸውን ልተወው፣ በዚያው ግቢ ይኖሩ ነበር። ግቢው ውስጥ የሚከራዩ አምስት ክፍሎች አሏቸው። ኪራይ የሚቀበሉት ወር በገባ በማግስቱ ነው፤ አንዲት ቀን አይጨምሩም። በየዓመቱ ከመስቀል በፊት ግን ግድግዳው ይመረጋል፣ ያፈሰሰው ቆርቆሮ ይለወጣል፣ ሽንት ቤቱ ይስተካከላል። እናቴ ስትወልድ ገንፎውን ያገነፉት እሳቸው ናቸው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተደነገገ። ዝቅተኛው ኪራይ በግማሽ ተቀነሰ። እስከ መቶ ብር የሚከራየው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ሆነ። የእኛ ስድስት ብር ሦስት ሆነ። እናቴ ደስ አላት፤ እውነት ለመናገር እልል ብላለች። እትዬ ያን ቀን ከቤት አልወጡም። እናቴ ማታ ቡና አፍልታ ወሰደችላቸው፤ ሁለቱም አለቀሱ። ለድሃ ጣራ የሰጠ አዋጅ ነው፤ ዛሬም ድረስ በሱ ምክንያት ከመንገድ የዳነ ብዙ ሰው አለ፣ እኛም ከነሱ ነን። ስለዚህ ክፉ ብቻ አድርጌ አላወራውም።

ግን ቤቱ ከዚያ ወዲያ ጭቃ አልነካውም። በሦስት ብር ኪራይ ቀበሌው በምን ያድሳል? እኛ እናድስ ብንል የእኛ አይደለም፤ ለአንዲት ቆርቆሮ ፈቃድ ይጠየቃል። ማከራየት ክልክል ስለሆነ አዲስ ቤት ሠርቶ የሚያከራይ ጠፋ። ሰው ግን ከደጋው መምጣቱን አላቆመም። አዲስ የመጣ ሁሉ ዘመድ ቤት ደባል ሆኖ ይገባ ጀመር። በአንድ ክፍል መጋረጃ ጋርደው ሁለት ቤተሰብ፣ በአንድ ሽንት ቤት ሠላሳ ሰው። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ጎንደርን ሲያርሳት ደግሞ ከየግቢው ወጣት እየተወሰደ አልተመለሰም፤ ሌላው በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ። በእኛ ግቢ አንደኛው ክፍል ባዶ ሆኖ ከረመ። ኪራዩ ሦስት ብር ነበር፤ የሚገባበት ግን አልነበረም። እንግዲህ በዕድሜዬ ያየሁት ርካሽ ቤት ይኸው ነው።

ነገሩን ከጎንደር ይልቅ ጠበቅ አድርጎ ያስተማረኝ ግን ደባርቅ ነው። ደባርቅ ብዙ ዘመን አስተምሬያለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ዘመድ ስላለኝ እመላለሳለሁ። የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተከልሎ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ዋልያው እያነሰ፣ እርሻውና ግጦሹ ወደ ገደሉ አፋፍ እየተጠጋ ሄዶ ነበር። በፓርኩ መካከል ትልቁ መንደር ግጭ ነበር። ጅንባር ፏፏቴ የሚወረወርበትን ገደል አልፎ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጅብራው የቆመበት ሜዳ። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ካሳ ተቀብለው፣ ደባርቅ ዳር ለቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወረዱ። በቀጣዩ ዓመት፣ በሰኔ 2009 ዓ.ም.፣ ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ።

ዋልያው መዳን አለበት። ይህን ያልኩት ለወጉ አይደለም፤ ተማሪዎቼን ሳንቃ በርና ጨነቅ ይዤ እየወጣሁ ሳሳይ የኖርኩ ነኝ፣ ያ ተራራ ሲራቆት እንቅልፍ ይነሳኛል። ግጭ ላይ የነበረው ኑሮም የሚያስቀና አልነበረም። አፈሩ ታጥቦ ገብሱ ሳስቷል፣ ሴት ምጥ ሲይዛት በቃሬዛ ተሸክመው ነው መንገድ ድረስ የሚያወርዷት፣ ልጅ ስድስተኛ ክፍልን ሳያይ እረኛ ይሆናል። ስለዚህ ከአፋፍ ወደ ከተማ መውረድ በደብተር ላይ ሲሰላ ትርፍ ይመስላል፤ ቆርቆሮ ቤት፣ መብራት፣ ጤና ጣቢያ፣ ወፍጮ፣ አስፋልት።

ከነሱ አንዲት አሮጊት ሠፈራው ውስጥ አዲሱ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ኑሮው እንዴት ነው አልኳቸው።

“አልሐምዱሊላህ፣ ቤቱስ ጥሩ ነው እታለም” አሉኝ። “እላይ ግን ስነሳ ያለው ነገር ሁሉ ያለ ዋጋ ነበር። ውኃው ከምንጭ ነው፤ እዚህ በጀሪካን እገዛለሁ። ማገዶዬ ኩበት ነው፣ ከብቱ ይሰጠኛል፤ እዚህ እንጨት በእስር እገዛለሁ። ጎጆዬ ሲያፈስ ጓሳ አጭደን በደቦ እንከድነዋለን፤ እዚህ ምስማሩም ሰውየውም በብር ነው። ካሳ ያሉኝን ቤቱ በላው፤ የቀረውን ጨው፣ ዘይት፣ ውኃ እያልን ጨረስነው።”

ልጃቸው ከጓዳ ሰምታ ወጣች። ጨቅላ አዝላለች። “እማዬ እንዲህ ትላለች፤ እኔ ግን አልመለስም። ይህን የወለድኩት ሐኪም ፊት ነው። የፊተኛውን እላይ ነው የቀበርኩት” አለች። እናቲቱ ዝም አሉ። ሁለቱም ያሉት እውነት ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ቤት፣ በአንድ ደጃፍ ላይ ነው የሚኖረው።

ያኔ ነው የገባኝ። ለግጭ ሰው ካሳ ሲሰላ የሚታየው ቤቱና እርሻው ነው፤ የጓሳው፣ የኩበቱ፣ የምንጩ፣ የደቦው ዋጋ ግን በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ አልሰፈረም፤ ምክንያቱም ማንም ለነሱ ከፍሎ አያውቅም። ሰው ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያጣው ሳይከፍል ሲያገኝ የኖረውን ነው። ኪራይ ዘግይቶ ይመጣል። ከብት ያረባ የነበረ ጎልማሳ ደባርቅ ላይ ቀን ሠራተኛ ለመሆን በጠዋት አደባባይ ሲቆም አይቻለሁ፤ ቤቱ ከበፊቱ የተሻለ ነው፣ የሚውልበት ግን የለውም። ቦታውንና ካሳውን የሰጡት ሰዎች ለሥራና ለግጦሽ የሚሆነውን አብረው ቢያስቡ ኖሮ ያቺ እናትና ያቺ ልጅ ባልተለያየ ሐሳብ ይኖሩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከወገራና ከስሜን መንደሮች ወደ ጎንደር ወርደው እስራኤል ለመሄድ ተራ ሲጠብቁ ዓመታት ያሳለፉ ቤተሰቦችንም እንዲሁ አስባቸዋለሁ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤሎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲወሰዱ የቀሩ ዘመዶች ነበሩ። በሬያቸውን ሸጠው፣ መሬታቸውን ለቀው ከተማ ገብተዋል። ለጥቂት ወር ብለው የተከራዩት ጭቃ ክፍል ልጅ ያደገበት ቤት ሆነ። ሊቆይ ያላሰበ ሰው እድር አይገባም፣ ግድግዳ አይለስንም፣ ጓሮ አይተክልም። እንዲህ ሆኖ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ መኖር ከኪራዩ የከበደ ነገር ነው።

ወደ እህቴ ልጅ ጥያቄ ልመለስ። የጎንደር ሕዝብ በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 112,249 ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. 207,044 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስንት እንደጨመረ ለማወቅ አዘዞን፣ ማራኪን፣ ሳሙና በርን መዞር ይበቃል። ዩኒቨርሲቲው አድጓል፣ ኮንዶሚኒየም ተሠርቷል፣ ቦታ በሊዝ ይሸጣል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ዳባት አጠገብ ጭና ሲደርስ ከደጋው የሸሸ ሰው ጎንደርን ሞላት፤ ሰርቪስ ቤት ሁሉ ተያዘ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልሉ በተነሣው ሌላ ግጭት ተኩሱ ከተማው ውስጥ ገብቶ አይተናል። የእገታ ወሬ የማይሰማበት ሰፈር ብርቅ ነው። ታዲያ ቤት ተወደደ እንጂ አልረከሰም፤ ምክንያቱም ገጠሩ ከከተማው የባሰ ሆኖበት የሚመጣው በዛ። ደባርቅም በ2010 ዓ.ም. የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ሆና፣ ዩኒቨርሲቲም ተከፍቶላት፣ ኪራይዋ እንደ ድሮው አይደለም።

የልጁ ደብተር ላይ የነበረው ልዩነት ደባርቅ በግማሽ ይረክሳል የሚል ነው። ጎንደር የተጠየቀው ኪራይ ከደመወዙ ግማሹን ይወስዳል። ይህን ሳየው እኔም ደንግጫለሁ። አንድ ቅዳሜ አብረን ቤቱን ለማየት ሄድን። ደላላው ስለ ሴራሚኩ ሲያወራ እኔ ጎረቤት ያሉትን እናት ጠየቅኳቸው። ቧንቧው በስንት ቀን ይመጣል? ሮቶ ያለው ማን ነው? ውኃ ሲጠፋ ከየት ትቀዳላችሁ? ጎንደርን የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብ ደለል ሞልቶበት አቅሙ ከቀነሰ ቆይቷል፤ ከተማው በፈረቃ ነው የሚኖረው። አንድ ሰፈር በሳምንት ሲያገኝ ሌላው ከዚያም ይቆያል። በጀሪካንና በቦቴ የሚገዛው ውኃ በወሩ መጨረሻ ሲደመር የሁለቱ ሰፈሮች ኪራይ ቦታ ሊለዋወጥ ይችላል። ቆጣሪው የብቻ ነው ወይስ የጋራ? ማታ በስንት ሰዓት በር ይዘጋል? ምጥ ቢመጣ ባጃጅ ይገኛል? እድሩ የማን ነው፣ አዲስ ሰው ይቀበላል ወይ? ሴትየዋ ሁሉንም በትዕግሥት መለሱልኝ፣ ቡናም አስገቡን።

ስለ ውሉም ነግሬዋለሁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል። ክልሎች በየከተማው ሊያስፈጽሙት የሚገባ ነገር ነው። አከራዩም ሰው ነው፤ የእናቴን አከራይ ለቅሶ አልረሳሁም። ቤት የሚያድስ ገንዘብ ሊያገኝ ይገባዋል። በየስድስት ወሩ ጨምር ወይ ውጣ መባል ግን ልጅን ከትምህርት ቤት፣ እናትን ከእድሯ ይነቅላል። አስተዳደሮቻችን መንገድ ሲያሰፉም ሆነ ፓርክ ሲከልሉ የሚያነሱትን ሰው ከጣራው ጋር ብቻ አይቁጠሩት፤ አንዲት እናት ጉልት ዘርግታ የምትሸጥበትን ጥግ፣ የምትቀዳበትን ቧንቧ፣ ብድር የምትሰጣትን ጎረቤቷንም ይቁጠሩላት።

ልጁ ለመምጣት ወሰነ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ያለፈው ጊዜ ጠንቶባት ነበርና ሐኪሟ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቅርብ ብትሆን ይሻላል ብሏታል። የደባርቁ ርካሽ ቤት ከዚያ ሆስፒታል 100 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ መንገዱም አንዳንድ ቀን ይዘጋል። ይህን ስሰማ ውሳኔው ልክ ነው አልኩት፤ ኪራዩ ግማሽ ደመወዙን ቢወስድም። ያየነውን ባለ ሴራሚክ ቤት ትቶ፣ ግድግዳው ጭቃ ቢሆንም ውኃ ቶሎ የሚደርሰውንና እኔም በእግሬ የምደርስበትን ያዘ። የደባርቁን እድር ግን እንዳያቋርጥ ነግሬዋለሁ፤ መዋጮውን በየወሩ በቴሌብር ይልካል።